ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፦ ውሃን በዘይት ቀለም እየሣሉ ተስፋ ላለመቁረጥ

ሦስተኛውን የጣና ሥዕሌን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ስበሳጭ እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ መጣች። አየችው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሕር ዳር ላይ ግን እንቦጭ ሐይቁን የወረረው አረምም ስም ስለሆነ ነገሩ ሁለቴ ያማል።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ነው የምውለው። ሥዕሉ የማለዳና የቅዳሜ ነው። ብዙ የሸጥኩ ሰው አይደለሁም፤ ኤግዚቢሽንም አላሳየሁም። አንድ ነገር ግን ከብዙ ሰው የበለጠ አውቃለሁ፦ መተውና መመለስ። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ እንደተውኩት ባለቤቴ ቢጠየቅ ጣቱ አይበቃውም።

ከዚህ ሁሉ መተው የተረዳሁት ይህን ነው። «ሞራሌ ወደቀ» የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስም ያልወጣለት የቴክኒክ ችግር ነው። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ መጥቶ «ያመኛል» ብቻ የሚል ሰው አለ። የት? ከመቼ ጀምሮ? ሲበሉ ነው ሲተኙ? ይህን ካልነገረኝ ምንም ልሰጠው አልችልም። «ውሃ አይሆንልኝም» ማለትም እንደዚያው ነው። «ታንኳዬ ውሃው ላይ አልተቀመጠም» ካላችሁ ግን መድኃኒት አለው።

የታንኳውን ነገር በምሳሌ አልተናገርኩም። በእኔው ላይ የደረሰ ነው።

የሚበረው ታንኳ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሸራዬን ዘርግቼ የቆመ ታንኳ እሥላለሁ። አጠገቤ አንድ አባት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እያሰሩ ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ስጨርስ ተነሥተው መጡና ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ታንኳ ይበራል እንዴ?»

ሳቅሁ እንጂ ቆሽቴ አሯል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደክሜበታለሁ። እሳቸው ግን ለመንቀፍ አልነበረም የመጡት። የደረቀ ደንገል አነሡና ያስረዱኝ ጀመር። «አዲስ ታንኳ ቀለል ብሎ ከላይ ይቀመጣል። ያረጀ ግን ውሃ ጠጥቷል፤ እስከዚህ ይገባል» ብለው በመዳፋቸው አሳዩኝ። አንድ ጋት ይሆናል። እኔ የሣልኩት ያረጀ፣ የጠቆረ ታንኳ ነው። አቀማመጡ ግን የአዲስ ነበር። በዚያ ላይ ነጸብራቁን ከታንኳው ግርጌ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። በመሃሉ ነጭ ክፍተት ቀርቷል። እውነትም ይበራል።

የዚያን ዕለት ማታ ሌላ ነገር አልሞከርኩም። ያቺን መስመር ብቻ አስተካከልኩ። ውሃና ታንኳ የሚነካኩበት ቦታ ላይ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ቀላቅዬ ቀጭን ጥቁር መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ወጥ መሆን የለበትም፤ እዚህም እዚያም ይቆራረጥ። ወጥ ከሆነ ታንኳው ኩል የተቀባ ዓይን ይመስላል። ነጸብራቁ ከመስመሩ ሥር ወዲያው ይጀምራል፣ ቀጥ ብሎም ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ በየትም በኩል ትሁን ነጸብራቅ ወደ ጎን አይዘምም። የሚዘመው ጥላ ነው። ሁለቱን ማምታታት የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ታምሜበታለሁ።

ቀለሙ ላይ ደግሞ እንዲህ አስቡት። ብሩህ ነገር ውሃ ውስጥ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጥቁር ነገር ትንሽ ይፈካል። የደረቀ ደንገል ገለባ መልክ ስላለው ነጸብራቁን አንድ ደረጃ አጠቆርኩት። ታንኳው ሥር ያለውን ጥላ ግን አንድ ደረጃ አፈካሁት። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች ጎተትኩ። ከዚያ በንጹሕና ደረቅ ሰፊ ብሩሽ አንዴ ብቻ ወደ ጎን አለፍኩበት። አንዴ ነው ያልኩት። ሁለተኛው ማለፍ ሁሉንም ያበላሸዋል። እጃችሁን አንሥታችሁ ሻይ ጠጡ።

ታንኳው ተቀመጠ። ሥዕሉ አሁንም ጥሩ አልነበረም፤ ሰማዩ የተቀባ በር ይመስላል። እኔ ግን በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ነበር። ማንም አልቀሰቀሰኝም። አንድ ችግር ስም አግኝቶ ስለተፈታ ብቻ ነው።

ሰሌዳ፣ ሰዓትና ጀርባው ላይ የሚጻፍ ዐረፍተ ነገር

ከዚያ በኋላ ልማዴን ቀየርኩ። ትልቅ ሸራ ተውኩ። ቀጭን ፕላይውድ 20 በ30 ሳንቲሜትር እያስቆረጥኩ፣ ጄሶ የሚባለውን ነጭ መደብ ቀለም ሁለት ጊዜ እየቀባሁ በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት አዘጋጃለሁ። አንድ ሜትር ሸራ ሲበላሽ ወር ያስለቅሳል። ትንሽ ሰሌዳ ቢበላሽ ሌላ አለ።

የስልኬን ደወል 40 ደቂቃ ላይ እሞላለሁ። ሲጮህ አቆማለሁ፣ ባልጨርስም። ይህ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ነገር ግን የጣና ዳር ብርሃን ራሱ ከዚያ በላይ አይቆይም። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲነሣ የጀመራችሁት ውሃ ሌላ ውሃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስት ሰዓት ተቀምጦ የሚሥል ሰው ሦስት የተለያዩ ሐይቆችን አንድ ሸራ ላይ እየደራረበ ነው። ከዚያ «ምን ነካኝ?» ይላል። ምንም አልነካችሁም። ሰዓቱ አልፎባችሁ ነው።

ሲያበቃ ሰሌዳውን ገልብጬ በእርሳስ እጽፋለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ አለ ወይስ የለም። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ ዛሬ ያልሆነልኝ ምንድን ነው? «ሁሉም» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። አሁን ከጎኔ ያለው ሰሌዳ ጀርባ «ሩቁ ማዕበልና ቅርቡ ማዕበል እኩል ናቸው» ይላል። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬ ያ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰማዩ ቢበላሽ ግድ የለኝም፤ የእሱ ሳምንት አይደለም።

ስለ ማዕበል ካነሣን፣ ሁሉም እኩል ሲሆን ውሃው ቆርቆሮ ጣሪያ ይመስላል። ከእግራችሁ አጠገብ ያለው ሰፋና ራቅ ራቅ ይበል። ወደ መሃል ሲሄድ ይጠጋጋ። አድማሱ ጋ ሲደርስ መስመር ብቻ ይሁን፣ እሱም ቢጠፋ ይሻላል። የአድማሱን መስመር ደግሞ በማስመሪያ አስምሩ፤ አታፍሩ። ትንሽ ካዘነበለ ሐይቁ በአንድ በኩል ይፈሳል።

ጭቃው

ይህኛው ብዙ ሰው ያስተወ ነው። አረንጓዴ ላይ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ላይ ነጭ፣ ነጭ ላይ ትንሽ ቡናማ… ድንገት ሸራው የክረምት መንገድ ይሆናል። የሚያስቀው፣ በሐምሌና በነሐሴ ጣና ራሱ ጭቃ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ አፈሩን ይዘው ይገባሉ፣ ሐይቁም ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። የእውነቱ ጭቃ ያምራል። የእኔ ጭቃ ግን አያምርም። ለምን?

ያልደረቀ ቀለም ላይ ያልደረቀ ቀለም ስለምጎትት ነው። የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ ውሃው ተንኖ አይደርቅም። ቀለሙን የያዘው የተልባ ዘይት ነው፤ በጾም በጥብጠን የምንጠጣት ያቺው ተልባ። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠጥራል። በርንት አምበር ውስጥ ማንጋኒዝ ስላለ ቶሎ ይጠጥራል፣ በአንድ ሁለት ቀን። ታይታኒየም ነጭ ግን ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ የማደርገው ይህ ነው። ሐሙስ ማታ ሰሌዳውን በተርፔንታይን በቀጠነ በርንት አምበር እቀባዋለሁ፤ የጠቆረውን አጠቁራለሁ፣ የፈካውን በጨርቅ ጠርጌ አወጣለሁ። ሌላ ቀለም የለም። ቅዳሜ ጠዋት ደርቆ ይጠብቀኛል። ከዚያ ላይ ውሃውን ስሥል ከሥር የሚመጣ ጭቃ የለም። አንድ ደንብ ብቻ ጠብቁ፦ ከሥር የቀጠነ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት። ቢገለበጥ ከሥሩ ያለው ገና እየተንቀሳቀሰ ከላይ ያለው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አንድ ጊዜ የተልባ ዘይቴ አለቀብኝና ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት ቀዳሁ። አትሳቁ። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ነው። አራት ወር ቆይቶም እጅ ይይዛል። አቧራው ተለጠፈበት፣ ሁለት ዝንቦችም አሉበት። እሱን ሥዕል አልጣልኩትም፤ መኝታ ቤት ውስጥ አለ። ዝንቦቹን ከሩቅ ያየ ሰው ፔሊካን ይላቸዋል።

በነገራችን ላይ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፤ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሰማያዊው ቱቦ

ቀለም ባሕር ዳር እንደልብ አይገኝም። እኔ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው፣ አንዳንዴም ውጭ ያለች እህቴ ሻንጣዋ ውስጥ ትጨምርልኛለች። ስለዚህ አምስት ቱቦ ብቻ ነው የምይዘው፦ አልትራማሪን፣ በርንት አምበር፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ቢጫ ኦከር፣ ታይታኒየም ነጭ። ድህነት የመሰለኝ ነገር ጠቀመኝ። ብዙ ቱቦ ያለው ሰው «የውሃ ቀለም» የሚባል ነገር ይፈልጋል። የለም እኮ።

ጣና ዳር ቆማችሁ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። ውሃውን ራሱን ታያላችሁ፣ ቡናማውን፣ ታች ያለውን ድንጋይ። ቀና ብላችሁ ሩቁን እዩ። አሁን የምታዩት ሰማዩን ነው። ያው ሐይቅ፣ ያው ደቂቃ። ዓይናችሁ ውሃውን በቁልቁል ሲያየው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በአግድም ሲያየው ይመለስና ሰማዩን ያሳያችኋል። ስለዚህ ከሸራው ግርጌ ኦከርና ሲየና ይብዛ፤ ወደ ላይ ስትሄዱ የሰማዩ ቀለም ይግባ። ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አልትራማሪን ቀባሁት። የሆቴል መዋኛ ነበር የሚመስለው።

የፀሐይ ብልጭታ መጨረሻ ይምጣ። ወፍራም ነጭ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ኦከር። እኔ እቆጥራለሁ፦ ሰባት። ከሰባት ካለፈ ውሃው ቅማል ይመስላል።

ስለ ማጥፋት

አሁን ወደ ክፉው ቀን እንምጣ። ቢላ አንሥታችሁ ሸራውን ልትቀዱ የምትነሡበት ቀን።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ የውሃ አበቦቹን በዓለም ያስታወቀ ሰው ነው። 250 ያህል ሥሏል። እሱ እንኳ በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ፓሪስ ውስጥ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲል፣ በገዛ እጁ ቢያንስ 15 ሥዕሎች አጥፍቷል። 67 ዓመቱ ነበር። ጀማሪ አልነበረም፣ ደሃም አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ኤግዚቢሽኑ ተከፈተና 48 የውሃ አበባ ሥዕሎች ታዩ። ይህን ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛ፣ «እሱም!» ብዬ እፎይ አልኩ። ሁለተኛ፣ ስለ 15ቱ ተናደድኩ። ምናልባት አንዱ ጥሩ ነበር።

ስለዚህ እኔ አልቀድም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው ቦታቸው፤ ባለቤቴ «እስር ቤት» ይለዋል። ሦስት ሳምንት ሲሞላ አውጥቼ መስታወት ፊት ይዤ በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ። ሲገለበጥ ስሕተቱ ራሱ ይናገራል። አንዳንዱ ይፈታል። አንዳንዱ ጄሶ ይለብስና ሌላ ሥዕል ይሆናል። ጄሶው ግን የዘይት ቀለም ላይ አይይዝም፤ አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ እስከ እንጨቱ አውርዱት፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ሰነፍ ከሆናችሁ ሰሌዳውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተጠቀሙ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ስልኩና ሳፋው

«ፎቶ አንሥተሽ ቤት አትሥዪም ወይ?» ሐይቁ ዳር በሳምንት አራት ጊዜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ያነሣዋል ደግሞ። አንሡ፣ ምንም አይደለም። ግን ስልክ ማዕበሉን በሴኮንድ ሽርፍራፊ ይይዘውና ዓይን አይቶት የማያውቀውን ቅርጽ ይሰጣችኋል። እሱን ስትሥሉ ውሃው ይደነግጣል፤ እንደ በረዶ ቆሞ ይቀራል።

ኢቫን አይቫዞቭስኪ የጥቁር ባሕር ሰው ነበር፤ 6 ሺህ ያህል ሥዕል እንደሠራ ይነገራል፣ አብዛኛው ባሕር። የሚንቀሳቀስ ውሃ እዚያው ቆሞ በብሩሽ አይያዝም ብሎ ስለሚያምን ቤቱ ገብቶ ከትዝታው ነበር የሚሥለው። እኛ የእሱ ትዝታ የለንም። ግን ትንሿን ልምምድ መውሰድ እንችላለን። ብሩሽ ሳትይዙ አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ብቻ እዩ። ማዕበል ይደጋገማል። ስድስተኛው ሰባተኛው ላይ ቅርጹን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ዞር ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ሣሉ።

ክረምት ሲሆን ዳር መውጣት የለም። ብዙ ሰው ሰኔ ላይ አቁሞ ጥቅምት ላይ ልመለስ ይላል፤ ጥቅምት መጥቶ ያልፋል። እኔ ሳፋ ውሃ እሞላለሁ። መሃሉ ላይ ጡብ አስቀምጬ ጀበና አቆምበታለሁ፣ በመስኮቱ በኩል። ጥቁር ጀበና፣ የሳፋው ውሃ፣ የመስኮቱ ብርሃን። ነጸብራቅ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። ነፋስ ስፈልግ እፍ እላለሁ። የአንገቱ ነጸብራቅ ሲሰባበር፣ ቁርጥራጮቹ ወደ ጎን ሲሸሹ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ሲገጥሙ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እናቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «ቡናው የት አለ?» አለች። አሁን ለምዳዋለች፣ ሳፋውን ግን በሰዓቱ ትፈልገዋለች። ልብስ ማጠቢያ ነውና።

ለወራት ትታችሁት ከሆነ ደግሞ በትልቅ ነገር አትመለሱ። መጀመሪያ ብሩሽ እጠቡ። በማግስቱ አንድ ሰሌዳ አምበር ቀቡ። ሦስተኛው ቀን ቀለም ሳታነሡ ሐይቁን አይታችሁ ተመለሱ። አራተኛው ቀን እጃችሁ ራሱ ይበላችኋል።

እኒያን አባት ባለፈው ወር አገኘኋቸው። አሁንም ደንገል ያስራሉ። አሥራ አራተኛውን የታንኳ ሰሌዳዬን አሳየኋቸው፣ ልቤ እየመታ። ይህኛው ላይ ቀዛፊ ጨምሬበት ነበር፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ የነከረ። ራቅ አድርገው ያዙት፣ አቀረቡት፣ እንደገና አራቁት።

«ይሄ ይንሳፈፋል» አሉ።

ደስታዬ ገና ፊቴ ላይ ሳይወጣ ጣታቸውን መቅዘፊያው ጫፍ ላይ አደረጉ። «ሰውየው ግን ሰነፍ ነው። እየቀዘፈ ውሃው አልተነቃነቀም።»

ሰሌዳውን ገለበጥኩና እርሳስ ፈለግሁ።